የሸጋው ኮቴና የትርንጎ ጣቶች

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ስነግረው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እንዴ፣ ሰው የረገጠውን?» ይለኛል። አዎ፣ ሰው የረገጠውን። ከከተማ የእግረኛ መንገድ ተነቅሎ ዳር የተጣለ የሲሚንቶ ንጣፍ እሰበስባለሁ። የዋንዛ እግር አበጅለታለሁ፣ ዙሪያውን በብረት እከፍፈዋለሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ይሆናል፣ አግዳሚ ወንበር ይሆናል፣ የበረንዳ መቀመጫ ይሆናል። ይታይሽ እባላለሁ። የምኖረው እንጅባራ ነው፤ አፋችን ስለለመደ እኛ አሁንም ቆሰበር እንላታለን።

አባቴ የቀርቀሃ ሠራተኛ ነበር፤ እኔም ቀርቀሃ እየሰነጠቅሁ ነው ያደግሁት። እጄ ሥራውን ወደደው፣ ልቤ ግን ሰለቸው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከሰለቸኝ ሰለቸኝ ነው፣ ማንም አይመልሰኝም። አንድ ቀን መንገድ ዳር ከተከመረ ፍርስራሽ ውስጥ ደህና ንጣፍ አየሁና ተሸክሜ ቤት ገባሁ። በቀርቀሃ ወንበር ላይ ባስቀምጠው የወንበሩ ወገብ ተሰበረ። ጎረቤቶቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ይታይሽ መንገድ መሸጥ ጀመረች» እያሉ ስም አወጡልኝ። እልኸኛ ነኝና በእንጨትና በብረት ሞከርሁት፤ ቆመ።

የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ግን የሚገዛኝ ጠፋ። አንዲት እመቤት ወደደችው፣ ቁጭ አለችበት፣ ዳሰሰችው፣ በመጨረሻ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ እውነቱን ነገርኋት። እጇን ከላዩ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሰው በጫማው ሲረግጠው፣ ሲተፋበት፣ ከብት ሲያልፍበት የኖረ ድንጋይ ላይ እንጀራ ቀርቦ እንዴት ይቆረሳል አለችኝ። እሷ ብቻ አይደለችም፣ የመጣው ሁሉ እንደዚያው ነው። እንጀራ በሚቀርብበት ነገር የእኛ አገር ሰው ቀልድ አያውቅም።

ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ንጣፉን ፊቱን እደፋዋለሁ። አሸዋ ላይ ተኝቶ የኖረው፣ የሰው እግር አይቶ የማያውቀው ጀርባው ወደ ላይ ይሆናል፤ የተረገጠው ፊት ወደ ታች ተደፍቶ ሲሚንቶ ውስጥ ይቀበራል። ይህም አልበቃኝም። የሚቀበረውን ፊት ራሱን በሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ክንዴ እስኪዝል እፈትገዋለሁ። ለምን ቢባል፣ ደንበኛ ሲጠይቀኝ «የሰው እግር ያረፈበት አንድም ቦታ አልተውሁም» ብዬ በሚካኤል ስም ለመማል ነው። በዚህ ሥራዬ ኩራቴ አይጣል ነበር። ፍተጋዬን ያየ ሰው ንጣፉ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣ ነው የሚመስለው። ያ ብሩሽ አንድ ቀን ምን እንደሚያስከፍለኝ ባውቅ ኖሮ ጉድጓድ ቆፍሬ በቀበርሁት።

ቀኑ ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ገና ያልለቀቀን ጊዜ ነው። ጧት ግቢዬ ውስጥ የጠረጴዛ እግር እየላግሁ ሳለ ባጃጅ በር ላይ ቆመና ረጅም ሽማግሌ አወረደ። ጋቢ ደርበዋል፣ በትር ይዘዋል። ገብተው ሰላም ካሉ በኋላ በአጥሩ ሥር ወደ ደረደርኋቸው ንጣፎች በትራቸውን አስቀድመው ሄዱና አንዱን በመዳፋቸው ዳበስ፣ ወደሚቀጥለው፣ ደግሞ ዳበስ። ደንበኛ መስለውኝ ብድግ አልሁ።

«አባ፣ ምን ላሳይዎ?»

«ማሳየቱን ተይው ልጄ» አሉኝ፣ «ዳስሼ ልሂድ።»

ያኔ ነው ዓይናቸውን ያየሁት። የተከፈተ ነው፣ ግን አያይም። ሐኪም የዓይን ግፊት ነው፣ ከእንግዲህ አይመለስም እንዳላቸው በኋላ ነገሩኝ። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያሉ። በርጩማ አምጥቼ አስቀመጥኋቸውና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅሁ። ከዳንግላ በሚኒባስ መምጣታቸውን፣ ቤቴንም «መንገድ ሻጯ» እያሉ ጠይቀው እንዳገኙት ነገሩኝ፤ ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ።

አባ ሸጋው ይባላሉ። ሸጋው የፈረሳቸው ስም ነው። በእኛ በኩል ወንድ ልጅ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ድሮ የጀግናና የባለ ማዕረግ ወግ ነበር። የዳንግላ ገበያ ሰው ግን በቀልድ ለእሳቸው፣ ለጋሪ ነጂው፣ ሰጣቸውና ቀልዱ እውነት ሆኖ ቀረ። የክርስትና ስማቸውን ዛሬ የሚያውቀው የንስሐ አባታቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፈረሱን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ቀይ ነበር አሉኝ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ዳገት ላይ እንኳ ጅራፍ የማይፈልግ።

ከዚያ የመጡበትን ነገር ነገሩኝ። የዳንግላ የእግረኛ መንገድ ሊነጠፍ ሲል ንጣፉን የሠሩት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። ከገበያው ጀርባ ባለ ግቢ ሲሚንቶ ያቦካሉ፣ በቅርጽ እያፈሰሱ ያደርቃሉ። አንዲቷ የእሳቸው ልጅ ትርንጎ ናት፤ ሌላ ልጅ የላቸውም። አሸዋውን የሚያመላልሱት ደግሞ እሳቸውና ሸጋው። አንድ ቀን ጋሪው ወደ ኋላ ሲል ሸጋው ገና ባልደረቀ ንጣፍ ላይ እግሩን አሳረፈ፤ ኮቴው እስከነቅርጹ ገባ። ኃላፊው ይጣል አለ። ትርንጎ ልታስተካክለው ጎንበስ ብላ ከኮቴው አጠገብ በአራት ጣቷ ሳብ አደረገችው። ሳብ አድርጋ ግን ሳቋ መጣ፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት እጇን አነሳች፤ የአራት ጣቷ መስመር እንዳለ ቀረ። «ይኸማ የእኛ ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ የማነጥፈው» ብላ አስቀመጠችው። በኋላም የጋሪ ፌርማታው ላይ፣ አባቷ ደንበኛ በሚጠብቁበት ቦታ ልክ አነጠፈችው።

«መጀመሪያ ሸጋው ሄደ» አሉኝ። «ከዚያ እሷ ታመመችና ሄደች። ከዚያ ዓይኔ። ፎቶዋ አለ፣ ሰዎች ግድግዳ ላይ ሰቅለውልኛል፤ እኔ ምን ላድርገው? ፎቶ አይዳሰስ።»

ስለዚህ ጧት ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፌርማታው ጋ ሄደው ጎንበስ ይሉና አራት ጣታቸውን በአራቱ የትርንጎ ጣቶች መንገድ ላይ ያስቀምጣሉ። በዚያ የሚቆሙት ጋሪ ነጂዎች ልማዳቸውን አውቀው ቦታ ይለቁላቸዋል። አንድ ጧት ግን በትራቸው አፈር አገኘ። መንገዱ ሊሰፋ አሮጌው ንጣፍ ተነስቷል። የቆሰበር ሴት በአይሱዙ ጭና ወሰደችው አሏቸው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

ኮቴዋ ትዝ አለችኝ። እንዴት ትዘነጋለች! ስናወርድ አይቻት ስቄባታለሁ፤ ሳነጥፋት ደግሞ ጉድጓዷ ብዙ ሲሚንቶ በልታብኛለች። የት እንዳለችም አውቃለሁ፤ አዘና ከተማ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ለሚባሉ ሴት በሠራሁት ትልቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከራስጌው ጥግ። ደስ ብሎኝ «አባ፣ አለች! የት እንዳለች አውቃለሁ» አልኋቸው። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየጸለዩ ይመስለኛል።

ወዲያው ግን ብሩሹ ትዝ አለኝ። ኮቴዋን አስታውሳለሁ፤ ጣቶቹን ግን አይቼ ይሁን ሳላይ አላስታውስም። ባየውም የመኪና ጭረት ነው ብዬ ነበር የማልፈው። ዝም ብዬ ልወስዳቸው አስቤ ነበር፣ አልቻልሁም። «አባ» አልሁ፣ «እኔ ንጣፉን ከማስገባቴ በፊት በሽቦ ብሩሽ እፈትገዋለሁ። በጣም ነው የምፈትገው።»

ጥቂት አሰቡ። «ጣቷ ከሲሚንቶው ጋር አብሮ የደረቀ ነው» አሉ። «በብሩሽ ይሄዳል እንዴ?»

«አላውቅም።»

«እንሂዳ» አሉና ተነሱ።

መሮዬን፣ መዶሻዬን፣ በላስቲክ የቋጠርሁትን ሲሚንቶና በምትኩ የምትገባ አንድ ንጣፍ በከረጢት ይዤ ተከተልኋቸው። ረዳቱ ከረጢቴን ሊያነሳ ሞክሮ «እህቴ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጫንሽው?» ብሎ ሚኒባሱን ሁሉ አሳቀብኝ። ድንጋይ ነው ብለው አያምነኝም። አባ ሸጋው በመስኮት በኩል ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ስለ ጠረጴዛው ጠየቁኝ፤ እግሩ ምን እንጨት ነው፣ ቁመቱ ምን ያህል ነው፣ ሴትዮዋ ምን ዓይነት ሰው ናት፣ ምን ታቀርብበታለች። ስለ ትርንጎም እየቆራረጡ ነገሩኝ። ችኩል እንደነበረች፣ ሲሚንቶ እጇን ሲበላት ቅቤ እየቀባች ማታ ማታ እንደምታጉረመርም፣ ጧት ግን መልሳ የመጀመሪያዋ ሆና ግቢው እንደምትገኝ። እኔ ግን በየመሃሉ በልቤ «እባክህ ይኑር፣ እባክህ ይኑር» እል ነበር። ሰው ለራሱ ሲለምን እንኳ እንደዚያ አይለምንም።

አዘና ስንደርስ እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበሉን። ደልደል ያሉ፣ ቤታቸው እንግዳ የማያጣ ሴት ናቸው። ጠረጴዛውን ያሠሩት ለሚካኤል ማኅበር ተራቸው ሲደርስ የሚጋብዙበት ብለው ነው። እኔ ነገሩን በአማርኛ ማስረዳት ስጀምር አባ ሸጋው በአገውኛ ቀደሙኝ። ሁለቱም አገውኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ እኔ ከሰላምታ በላይ አልሰማም፣ ወላጆቼ ከአማርኛ ሌላ አያውቁምና። ረጅም ነገር ተናገሩ። እትዬ ጥሩወርቅ እያዳመጡ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ አዩ፤ በመጨረሻ ራሳቸውን ነቅንቀው የሽማግሌውን እጅ ያዙና ወደ ሳሎን መሯቸው። ጠረጴዛው እንዳይፈርስ የተቸገሩ መሰለኝ። ደግሞም አልተሳሳትሁም ብዬ አሰብሁ፤ ምክንያቱም ዞር ብለው በአማርኛ «የማኅበሩ ዳቦ ተባርኮ የተቆረሰበት ነው፣ ባይነካ ነው የሚሻለው» አሉኝ።

የጠረጴዛ ልብሱን አነሱ። እኔ የአባ ሸጋውን እጅ ይዤ በራስጌው ጥግ ባለችው ንጣፍ ላይ አሳረፍሁት። ልስልስ ያለው ጀርባዋ ነው ወደ ላይ ያለው፤ ምንም አይዳሰስባትም። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው አስቀመጡና እንደዚያው ቆዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር አሁን ድረስ ዓይኔ ላይ አለ፤ ረጅም መንገድ ሄዶ ቤቱ የገባ ሰው ፊት ነበር።

«እዚህ ሥር ናት?» አሉ።

«አዎ አባ። በግንባሯ ተደፍታለች እንጂ እዚህ ናት።»

«ይበቃኛል» አሉ። «እንዲሁ እንዳለች ትኑር። እትዬ ጥሩወርቅ ከፈቀዱልኝ አልፎ አልፎ እየመጣሁ እጄን አሳርፍባታለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ምን ገዶኝ፣ ቤትዎ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ነበር ዝም ማለት የነበረብኝ። መሮዬን በከረጢቴ እንደያዝሁ ቡና ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ ሽማግሌውን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ግን እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር ከጀመርሁ መጨረስ አለብኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሳይነካ መመለስ እንዴት ይሆናል አልሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ጥርጣሬው አላስቀመጠኝም። ብሩሼ ጣቷን አጥፍቶት እንዳልሆነ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ካላየሁ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቄዋለሁ።

«ኸረ አባ» አልኋቸው፣ «እኔ ያስገባሁትን ማውጣት አያቅተኝም። አንዲትም ስንጥቅ ሳላሳርፍባት አወጣታለሁ። ምትክም ይዣለሁ፣ ጠረጴዛው እንደነበረ ይሆናል።»

«ተይው ልጄ።»

«ጣቷን ሳይነኩ አልመልስዎትም።»

እትዬ ጥሩወርቅ በዓይናቸው ምልክት ሰጡኝ፤ እኔ ለጠረጴዛቸው መስሎኝ አላየሁም ብዬ አለፍሁት። አባ ሸጋው ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ አዞሩ። ከዚያ መዳፋቸውን ከንጣፏ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

«እሽ» አሉ። «እንደ ወደድሽ።»

ሥራው ቀላል አልነበረም። በንጣፏ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ በመሮ ጫፍ ጥቂት በጥቂት እየሸረፍሁ ወደ ታች ወረድሁ። ጠንከር አድርጌ ብመታ ትሰነጠቃለች፣ ለስለስ ባደርግ አትነቃነቅም። እትዬ ጥሩወርቅ ቡና አቅርበው ነበር፣ ቀዘቀዘ። አባ ሸጋው ወንበር ላይ ተቀምጠው መዶሻዬን ያዳምጣሉ፤ ድምፁ ሲለወጥ ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ። በአንድ በኩል መሮው ገባ። በሌላውም በኩል ገባ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ መሮው ይንሸራተትብኛል፤ እየጠረግሁ ቀጠልሁ። አንድ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ተሰበረች ብዬ ክው አልሁ። አልተሰበረችም፤ ለቀቀች ማለት ነው። በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ አነሳኋት፤ ሙሉ ሆና ወጣች። አንዲት ስንጥቅ እንኳ አላረፈባትም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ «ወጣች አባ!» ብዬ እንደ ልጅ ጮህሁ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወደቀረው ባዶ ቦታ ሳይ የማላውቀው ነገር አየሁ። ኮቴው ውስጥ የገባው ሲሚንቶ እዚያው ቀርቶ ወደ ላይ ተነስቷል። ጉድጓድ የነበረው አሁን እብጠት ነው፤ የፈረስ ሰኮና ራሱ፣ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ። የአባ ሸጋውን እጅ ይዤ አሳረፍሁበት። ጣታቸው ዙሪያውን ዞረና በቀኝ ዳሩ ላይ ቆመ። ከዳሩ ትንሽ ሽርፍ ያለ ነገር አለ።

«ድንጋይ ነው የሸረፈው» አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ይኸ እሱ ነው። ሰኮናውን ስጠርግለት እግሩን እንዲህ ገልብጦ ይሰጠኝ ነበር።» ከዚያም ሳቁ። የሽማግሌ ሳቅ፣ እንባ ያለበት። እትዬ ጥሩወርቅም እያለቀሱ ሳቁ፤ እኔም። ለትንሽ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሠርግ ቀን የሆነ መሰለኝ።

ቀጥለው ከኮቴው ወደ ጎን ሄዱ። ጣታቸው የሚሄድበትን ያውቃል፤ ስንት ጧት የሄደበት መንገድ ነው። ከዳሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። አራት ጣታቸውን ዘርግተው ሳብ አደረጉ። ምንም የለም። ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ታች ዝቅ እያደረጉ ደጋገሙት፤ ልሙጥ ነው። ንጣፏን አምጭልኝ አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ፊቷን ዳበሱ፤ ኮቴዋን አገኙ፤ ከኮቴዋ ወደ ጎን ሄዱ። እኔ በዓይኔ እያየሁ ነው። ንጹሕ ናት፣ እንደ ሳህን ንጹሕ ናት። በላይዋ ላይ የሚታየው ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ቀጫጭን የብሩሽ ጭረት ብቻ ነው።

ከጭረቱ ውስጥ ወፈር ያለ መስመር ያየሁ መሰለኝ። ተስፋ ያደረግሁት ከልቤ ነው፣ ላታልላቸው ብዬ አይደለም። እጃቸውን ይዤ ወደዚያ ወሰድሁትና «ይኸው አባ፣ እዚህ አለ» አልሁ።

ጣታቸው መስመሩን ተከትሎ ትንሽ ሄደና ቆመ።

«ይኸ ብሩሽሽ ነው ልጄ» አሉኝ። «የእሷ ለስላሳ ነበር።»

ውጭ ዶሮዎች ይንጫጫሉ፣ መንገድ ላይ ባጃጅ ያልፋል። አባ ሸጋው ንጣፏን ጉልበታቸው ላይ እንዳለች በሁለት እጃቸው ይዘዋት ቆዩ። እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል ራሱ ለዚያ የሚሆን አልመሰለኝም። በመጨረሻ ንጣፏን ዘርግተው ሰጡኝና «መልሻት» አሉኝ። «ምትክ ያመጣሻትን ተያት። ይቺኑ እንደነበረች ድፊያት።»

ሲሚንቶውን በትንሽ ውኃ ለውሼ ንጣፏን በራሷ ቦታ መለስኋት። ኮቴው ወደ ጉድጓዱ ልክ ብሎ ገባ፤ በሕይወቴ የገጠምሁት ነገር እንደዚያ ልክ ብሎ ገብቶልኝ አያውቅም። ዙሪያውን አለሰለስሁት። እትዬ ጥሩወርቅ ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አሉና በሌላ ገበታ ላይ አቀረቡልን። አባ ሸጋው ከምግቡ ቀመሱ፣ መረቁ፣ ተነሱ። ስንሄድ ያን ሁሉ የጠየቁኝ ሰው ስንመለስ አንድ ነገር አልጠየቁኝም። ቆሰበር ደርሰን ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ሳሳፍራቸው እጄን ያዙና ዳበሱት። መዳፌ በብሩሹና በሲሚንቶው የተበላ ሻካራ ነው። «እጅሽን ይባርከው» አሉኝ። ለሠራተኛ የሚባል የተለመደ ምርቃት ነው፤ ብዙ ሰው ብሎኛል። ያን ቀን ግን እርግማን ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ እስከዚህ ድረስ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሳላውቅ ያደረግሁት ነው» ብዬ ራሴን አጽናንቼ እኖር ነበር። ሰው የረገጠው ንጹሕ አይደለም ያለውን ደንበኛ ደስ ለማሰኘት የፈተግሁት ነው፣ ከድንጋዩ ላይ ማን እንዳለ በምን ላውቅ? ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። ጎረቤቶቼም እንደዚያው አሉኝ። ነገር ግን ሳምንታት አልፈው እትዬ ጥሩወርቅ ለገበያ ቆሰበር መጡና ግቢዬ ጎራ አሉ። ስለ ሽማግሌው አንስተን ስንጨዋወት ጠየቅኋቸው፤ ያን ቀን እንደገባን በአገውኛ ያን ሁሉ ምን ነበር ያሉዎት አልሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ነገሩኝ። አባ ሸጋው ያሏቸው ይህ ነው፦ «ይቺ ልጅ ንጣፉን በሽቦ ብሩሽ ፈትጋዋለች፤ ብሩሽ ከነካው የልጄ ጣት እንደማይተርፍ አውቄዋለሁ። ግን አላየሁትም፣ አልነካሁትም። ስለዚህ እባክሽ እንዳታስከፍቺው። አለች ብዬ እጄን ላሳርፍና ልሂድ።»

እትዬ ጥሩወርቅ በዓይናቸው የጠቀሱኝ ለጠረጴዛቸው አልነበረም። ሽማግሌው ከቤቴ ሲነሱ ጣቷን ሊነኩ አልነበረም፤ ላለመንካት ነበር የመጡት። ግቢዬ ላይ ስለ ብሩሹ ስነግራቸው ነው ይህን የወሰኑት። ከዚያ በኋላ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልተከፈተ ቦታ፣ እጃቸውን አሳርፈው «ምናልባት» የሚሉበት። እኔ መሮ ይዤ ሄድሁና ያንኑ ምናልባታቸውን ከእጃቸው ወሰድሁት። «እሽ፣ እንደ ወደድሽ» ያሉኝም እኔ ማየት እንደፈለግሁ ስለገባቸው ነው። ለእኔ ሲሉ ነው የከፈቱት።

አሁንም ሥራዬን አልተውሁም፤ ሌላ የምበላበት የለኝምና። ንጣፍ ከማንሳቴ በፊት ግን የመንገዱን ሰው እጠይቃለሁ፤ ሱቅ ያለውን፣ ጋሪ የሚያቆመውን፣ ጫማ የሚጠርገውን። «እዚህ የሚቆም ሰው አለ ወይ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያበደች ይለኛል። የሽቦ ብሩሹን ጣልሁት፤ አሁን በጨርቅና በውኃ ነው የማጥበው፣ ያውም ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዙሪያውን ከዳሰስሁ በኋላ። አንዳንድ ደንበኛ ንጽሕናው አልጣመኝም ብሎ ይመለሳል፤ ይመለስ። እናንተም የምታጸዱት፣ የምትገልጡት፣ እውነቱ ይውጣ ብላችሁ የምትፈነቅሉት ነገር ካለ፣ መሮውን ከማንሳታችሁ በፊት እጁን ያሳረፈውን ሰው ፊት አንድ ጊዜ እዩት። እኔ አይቼው ነበር። አይቼው ነው ያለፍሁት።

በዳንግላ ሳልፍ አሁንም አባ ሸጋውን አያቸዋለሁ። የጋሪ ፌርማታው ላይ አዲሱ ንጣፍ ተነጥፏል፣ ያምራል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልማዳቸው ነውና እዚያው ቦታ ይደርሳሉ፤ ጋሪ ነጂዎቹም እንደ ድሮው ቦታ ይለቁላቸዋል። በትራቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ጎንበስ አይሉም።